ከምግብ በፊት የሚዋጠው እንክብል እስከ መቼ?

የአንባብያን የመድኃኒት ጥያቄዎች፣ ከደብረ ማርቆስ ፋርማሲስት መልስ ጋር

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬ 54 ነው። ስኳር ከያዘኝ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሆዴ ሥራ አቁሟል ማለት ይቀላል። ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ እጠግባለሁ። ምሳ የበላሁት እስከ ማታ ደረቴ ሥር እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ያገሳኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። በኢንዶስኮፒ ታይቼ «ቁስል የለም፣ የተዘጋ ነገርም የለም፤ ጨጓራህ ምግብ ቶሎ አያሳልፍም» ተባልኩና ሜቶክሎፕራማይድ፣ ፋርማሲ ውስጥ ፕላዚል የሚሉት፣ 10 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘልኝ። የታዘዘው ለሁለት ሳምንት ነበር። ስለተሻለኝ ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ቡስኮፓን እጨምራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ኦሜፕራዞልም አለ።

አሁን ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔ ስይዝ ተማሪዎቼ ያዩታል። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ «ምን ታኝካለህ?» ትለኛለች፤ አፌ ውስጥ ግን ምንም የለም። ሦስተኛ፣ አንድ ባልደረባዬ «ወደ ዶምፔሪዶን ቀይረው» ሲለኝ ሌላው «እሱማ ልብ ያቆማል» አለኝ። ጾሙም እየደረሰ ነው። ምን ይመክሩኛል?
መምህሩ፣ ከቡሬ

መልስ፦ መምህር፣ ከሦስቱ መጀመሪያ የምይዘው ባለቤትዎ ያዩትን ነው። ባዶ አፍ ማኘክ፣ ከንፈር መምጠጥ፣ ምላስን ሳያውቁት ብቅ ማድረግ፣ ዐይንን ቶሎ ቶሎ መጨፈን፤ እነዚህ ሜቶክሎፕራማይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያመጣቸው፣ ከፈቃድ ውጪ የሆኑ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስተውላቸውም፤ የሚያያቸው አብሮት ማዕድ የሚቀርብ ሰው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። በዚህ ሳምንትም ያዘዘልዎት ሐኪም ዘንድ ሄደው ስምንት ወር እንደወሰዱት ሳይቀንሱ ይንገሩት። ለሁለት ሳምንት የታዘዘ መሆኑን እያወቁ «ሐኪሙ እንዳዘዘልኝ እየወሰድኩ ነበር» ማለት ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሐኪሙም የእጅዎን መንቀጥቀጥ ሲያይ ሌላ በሽታ ፍለጋ ይሄዳል። ማፈር ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ የሚያፍረው ማዘዣ ሳይጠይቅ የሸጠልዎት ባለሙያ ነው። የእኔው ሙያ ሰው ነውና ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

ካቆሙ በኋላ እንቅስቃሴው ለጥቂት ጊዜ ብሶ ሊታይ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። መድኃኒቱ ያመጣውን ጉዳት ራሱ ለጊዜው ይሸፍነዋልና፣ ሰውየው «ስተወው ባሰብኝ፤ ስውጠው ይሻለኛል» ብሎ ይመለስበታል። እርስዎ እንዳይመለሱበት። ቶሎ ያቆመ ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የሚለቀው ብዙ ነው፤ ጨርሶ የማይለቀውም ግን አለ። ሌላም ላስጠንቅቅዎ፤ ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚሰጥ ትራይሄክሲፈኒዲል የሚባል እንክብል አለ። አንድ ሰው «ይህን ሞክረው» ቢልዎት እንዳይቀበሉ፤ የአፍና የከንፈሩን እንቅስቃሴ ሊያብሰው ይችላል።

መድኃኒቱ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ላስረዳ። የጨጓራ የታችኛው ክፍል በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ጠጣር ምግብን ከሁለት ሚሊሜትር እስኪያንስ ያደቅቀዋል፤ ከዚያ በጠባብ በር በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ያሳልፈዋል። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል ለዚህ እንቅስቃሴ እንደ ልጓም ነው፤ ሜቶክሎፕራማይድ ልጓሙን ያላላዋል። ጨጓራው ይንቀሳቀሳል፣ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ችግሩ ዶፓሚን በአንጎልም ውስጥ ሥራ ያለው መሆኑ ነው፤ እጅና እግር፣ ከንፈርና ምላስ በሥርዓት የሚታዘዙት በእሱ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ሆድ ድረስ ሄዶ እዚያ የሚቆም አይደለም።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከሁሉ የጠነከረውን የማስጠንቀቂያ ሣጥን አስገባበት፤ ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 ይበልጥ አጠበቀው፤ ቢበዛ ለአምስት ቀን፣ ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ሥር ለሰደደ የምግብ አለመፈጨትም ጭራሽ እንዳይታዘዝ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ይህን ያህል የተራራቁት ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለጨጓራ መዘግየት በይፋ የተፈቀደው መድኃኒት ይህ አንድ ብቻ ስለሆነ ሐኪሞቹ ጨርሰው ሊተዉት አልቻሉም። ጉዳቱ የሚበረታባቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እርስዎ ላይ አለ፤ አንደኛውም ቢሆን ከዚህ ወዲያ ሩቅ አይደለም፣ መምህር።

እጅዎ ግን በሁለት ምክንያት ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሁለቱን መለየት አለብን። አንደኛው ይኸው መድኃኒት ነው፤ እጅ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም የሚንቀጠቀጥ፣ አካሄድ የሚከብድ፣ ፊት የሚደርቅ ከሆነ ወደዚህ ያጋድላል። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። እንክብሉን ውጠው ምሳ ይበላሉ። እንክብሉ በሰዓቱ ሥራውን ይጀምራል፤ ምግቡ ግን ገና ጨጓራ ውስጥ ተቀምጧል። ስኳሩ ደም ውስጥ አልደረሰም። እናም ሰውየው ጠግቦ፣ እንዲያውም ሆዱ ተነፍቶ ሳለ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓታት በኋላ ያ ምግብ በመጨረሻ ሲያልፍ ደግሞ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ሐኪሙ ያን ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ ካየ የስኳር መድኃኒቱን ሊጨምርልዎ ይችላል፤ ያኔ ይብሳል።

ስለዚህ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት ይግዙ ወይም ይዋሱ፤ እጅዎ በተንቀጠቀጠበት ሰዓት ጣትዎን ወግተው ይለኩ። ከ70 በታች ካሳየ ጉዳዩ የስኳር መውረድ ነው። ወዲያው በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ለስላሳ ይጠጡ። ዳቦ ወይም ቆሎ አይጠብቁ፤ ፈሳሽ በዘገየ ጨጓራ ውስጥ እንኳ ከጠጣር ይፈጥናል። ከ70 በላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ጣቴን የምቀስረው ወደ ሜቶክሎፕራማይዱ ነው። ሰዓቱን፣ የበሉትንና ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ፤ የታሪክ መምህር ቀን መመዝገብ አይቸግረውም። ያ ደብተር ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ የበለጠ ይነግረዋል። ግሊቤንክላማይዱን ግን በራስዎ እጅ አይቀንሱ፣ አይተዉም፤ ደብተሩን አሳይተው ሐኪሙ ይወስን።

ስኳር ካነሳን አይቀር፣ ደም ውስጥ ስኳር በጣም ሲበዛ እሱ ራሱ የጨጓራን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ ጨጓራን የሚያዘውን ነርቭ ይጎዳል። የስኳርዎ መጠን ላይና ታች እያለ ሌላ ሌላ እንክብል መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። የሦስት ወር የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ። ሜትፎርሚንም ራሱ ማቅለሽለሽና የሆድ መነፋት ያመጣል፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይውሰዱት፤ መጠኑንም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አሁን ወደ መድኃኒት ከረጢትዎ። ጨጓራ እንዲንቀሳቀስ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ቁርጠት እንዲያርፍ ቡስኮፓን ይወስዳሉ። ቡስኮፓን የሚሠራው የጨጓራንና የአንጀትን ጡንቻ በማዝናናት ነው፤ ማለትም አንዱ «ሂድ» ሲል ሌላው «ቁም» ይላል። ለሁለቱም ገንዘብ እየከፈሉ ነው። በደብረ ማርቆስ ፋርማሲ መስኮት ላይ ከማያቸው የመድኃኒት ቅንጅቶች ሁሉ በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሁለቱም ማዘዣ ከአንድ እጅ ይወጣል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያዘገያሉ። ለወገብም ይሁን ለጉልበት የሚወስዱት ነገር ካለ ስሙን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ኦሜፕራዞል የአሲድ መድኃኒት ነው። ቃር፣ ማቃጠል፣ ባዶ ሆድ ላይ የሚመጣ ሕመም ካለ ይረዳል፤ ቁርስ ከመብላት ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ 20 ሚሊግራም ይበቃል። ምግብ አያንቀሳቅስም። የእርስዎ ደብዳቤ ደግሞ ስለ ጥጋብ፣ ስለ ግሳትና ስለ ማቅለሽለሽ ይናገራል እንጂ ስለ ማቃጠል አንድም ቃል የለበትም። ለምን እንደሚወስዱት ሐኪሙን ይጠይቁ። ለጨጓራ ባክቴሪያ በሰገራ ካልተመረመሩ ይመርመሩ፤ ግን ኦሜፕራዞሉን ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። ይህን ሳይነገራቸው ተመርምረው «ነፃ ነኝ» ብለው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ዶምፔሪዶንን በተመለከተ ሁለቱም ባልደረቦችዎ ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የያዙት ግማሹን ነው። እሱም ልጓሙን የሚያላላ መድኃኒት ነው፤ ግን ወደ አንጎል እንደልቡ አይገባም፤ ስለዚህ ማኘክና መንቀጥቀጥ ማምጣቱ በጣም ያነሰ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያረዝማል፤ ከባድ የሆነ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል፣ አልፎ አልፎም ሞት። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ፣ በቀን ከ30 ሚሊግራም በላይ በሚወስዱና የልብ ሕመም ባለባቸው ላይ አደጋው ይጨምራል። የአውሮፓው ኤጀንሲ በ2014 መጠኑን በቀን ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ጊዜውን በአብዛኛው ከአንድ ሳምንት እንዳያልፍ፣ አገልግሎቱንም ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ ብቻ አድርጎታል። አሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለገበያ አልፈቀደችውም። ከዚህ ቤተሰብ ያልሆነ ሲሳፕራይድ የሚባል ሌላ የጨጓራ አንቀሳቃሽ ነበር፤ እሱም ጥሩ ይሠራ ነበር፤ በዚሁ የልብ ጣጣ በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ታዲያ ጨርሶ አይወሰድም ማለቴ አይደለም። ሐኪምዎ ያስፈልጋል ካለ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የደም ፖታሲየም አይቶ፣ ከምግብ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት 10 ሚሊግራም፣ በታወቀ የማቆሚያ ቀን ሊያዝልዎ ይችላል። ቤተሰብዎ ውስጥ በድንገት ወድቆ የሞተ ወይም በተደጋጋሚ ራሱን የሚስት ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩ። ከማን ጋር እንደማይስማማም ይወቁ፤ ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ ሲገኝ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ተገኝቶ ሕክምና ከጀመሩ ዶምፔሪዶን በዚያ ጊዜ አይነካም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ሰው ሁሉ ወባ ያውቃል፣ ክሎሮኪንንም ያውቃል። ክሎሮኪንም የልብን ምት ያረዝማል። ወባ ይዞዎት ጤና ጣቢያ ከሄዱ ዶምፔሪዶን እንደሚወስዱ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

በህንድ ገበያ ዶምፔሪዶን ከአሲድ መድኃኒት ጋር በአንድ ካፕሱል ተቀላቅሎ ይሸጣል። ዘመድ በሻንጣ ያመጣልዎት «የጨጓራ መድኃኒት» ካለ ማሸጊያውን ገልብጠው ስሞቹን ሁሉ ያንብቡ። ኤሪትሮማይሲንም ጨጓራን የማንቀሳቀስ ኃይል አለው፤ ግን በጥቂት ሳምንታት ሰውነት ይለምደዋል፤ አንቲባዮቲክም ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በጭራሽ አይሞከርም። አሚትሪፕቲሊንን በትንሽ መጠን ማታ ማታ የሚያዝዙ ሐኪሞች አሉ። በጨጓራቸው የማሳለፍ ፍጥነት ላይ ችግር ለሌለባቸውና ሕመሙ ለሚያይልባቸው ሰዎች ይረዳል፤ ጨጓራቸው ለዘገየ ግን የረባ ጥቅም አልታየበትም።

ጾሙን በተመለከተ። ለዘገየ ጨጓራ የሚመከረው አመጋገብ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ በዘይት የተነከረ ሽሮ በሁለት እንጀራ፣ ከላይ ጠላ፤ ለዚህ ጨጓራ ከዚህ የከፋ አይገኝም። ግሊቤንክላማይድ እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ደግሞ ከጨጓራም በላይ ለሕይወትዎ ያሰጋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በዚህ አታስጨንቅም፤ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ቢሄዱም ነውር የለበትም። ሰዓቱ ከተፈቀደልዎ የጾም ምግቡ ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ ቅቤና ሥጋ የለበትም፣ ስብ ደግሞ ጨጓራን ከሚያዘገዩት ዋነኛው ነው። የሚያጠፋው ዘይቱ ነው። የደቀቀ ሽሮ በትንሽ ዘይት፣ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፣ ሩዝ፣ በደንብ የበሰለ ካሮት፣ ቀጠን ያለ የአጃ አጥሚት ያለ ስኳር። ድንቹ፣ ሩዙና አጥሚቱ ስኳርዎን ቶሎ ከፍ ስለሚያደርጉ በትንሽ በትንሹ፣ በመለኪያው እያዩ። ጥሬ ጎመን፣ ሰላጣ፣ የባቄላ አሹቅ፣ የሽምብራ ቆሎ ለጊዜው ይቆዩ። አረቄን ጨርሰው ይተዉት። ከእራት በኋላ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት አይተኙ፤ በቀስታ ወዲህ ወዲያ ማለት ይረዳል፤ የቡሬ ማታ ለዚህ ምቹ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ታናሽ እህቴ ምግብ አልፈጭ ብሏት፣ ማስመለስም አስቸግሯት ክሊኒክ ወሰድናት። መርፌ ወጓት፣ እንክብልም ሰጧት። በማግስቱ ማታ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፤ ዐይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ምላሷ እየወጣ መናገር አቃታት። ጎረቤቶች «በልቷታል» አሉ። ጠበል ወሰድናት፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቃት። እንክብሉ ላይ ሜቶክሎፕራማይድ ይላል። የቀረውን ልስጣት?
ከዳንግላ

መልስ፦ አትስጫት፣ እህቴ። የቀረውንም ከቤት አስወግጂው። ያየሽው የዚሁ መድኃኒት ሥራ ነው። ከመምህሩ ጉዳይ ይለያል፤ የእሳቸው ከብዙ ወራት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት፣ ከአንድ መርፌ በኋላ እንኳ ይመጣል። ልጆችንና ከ30 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ያጠቃል። አንገት ይጠመዘዛል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ዐይን ሽቅብ ይሰቀላል፤ ልጅቷ ግን ራሷን አትስትም፣ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። አስቢው፣ አጠገቧ ቆመው «ማነሽ? ከየት መጣሽ?» እያሉ ሲጠይቋት መልስ መስጠት እየፈለገች ምላሷ እንቢ አላት።

ጠበሉን አልነካም፤ እምነትሽ ነው። መድኃኒቱ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ከሰውነት ይወጣል፤ እናም በሁለተኛው ቀን መልቀቁ አያስገርምም። ሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ተብሎ በሚሰጥ መርፌ፣ ለምሳሌ በፕሮሜታዚን፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፈታ ነበር። ጉሮሮ ሊያጠብና ትንፋሽ ሊያስቸግርም ስለሚችል ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ጤና ተቋም፣ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ ይዛችሁ። አሁን የምትሠሪው አንድ ነገር አለ፤ «ሜቶክሎፕራማይድ አይስማማኝም» ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ እህትሽ በመታወቂያዋ ኪስ ትያዘው። በወሊድ ጊዜ፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይህ መርፌ ብዙ ስለሚሰጥ ነው። ማስመለሱ ለምን እንደመጣም አልጻፍሽልኝም። ካልተመረመረች የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ የማይመስል ቢሆንም ይደረግ።

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ገበሬ ናቸው። ለረጅም ዓመት የጨጓራ ሕመም ነበረባቸው። አሁን ማታ ማታ ያስመልሳቸዋል፤ ጠዋት የበሉት ባቄላ ሳይፈጭ ማታ ይወጣል። በጣም ከስተዋል። ምግብ የሚያሳልፍ መድኃኒት ገዝተን ሰጠናቸው፤ ባሰባቸው። መጠኑን እንጨምር?
ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ

መልስ፦ ለዚህ ደብዳቤ መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅሁም፤ ለልጃቸው በስልክ ተነግሯቸዋል። እዚህ የማወጣው ሌላ ቤትም እንዲህ ያለ አባት ስለማይጠፋ ነው።

መጠኑን አትጨምሩ፤ መድኃኒቱንም አቁሙ። ይህ የዘገየ ጨጓራ ላይሆን ይችላል፤ የተዘጋ ጨጓራ ይመስላል። የቆየ ቁስል ሲድን ጠባሳ ትቶ የጨጓራውን መውጫ ያጠባል፤ ዕጢም ሊዘጋው ይችላል። የተዘጋ በር ላይ የሚገፋ መድኃኒት መስጠት ሕመሙን ያብሳል፣ ጉዳትም ያመጣል። ጠዋት የተበላ ምግብ እንደነበረ ማታ መውጣቱ፣ ከመክሳቱ ጋር ሲሆን፣ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። ሆዳቸውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ምንም ሳይበሉ ለሰዓታት ከቆዩ በኋላ እንኳ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ጥርጣሬው ይጠናል። ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ማሽኑ መኖሩን በስልክ ጠይቃችሁ በዚሁ ሳምንት ውሰዷቸው። ማስመለሱ ከበረታ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ደም ካስመለሳቸው ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳምንትም አይጠበቅም፤ ዛሬ ነው።

ጥያቄ፦ ለጨጓራዬ በየጠዋቱ ተልባ ተፈጭቶ በውሃ እጠጣለሁ። ሆዴ ግን ይበልጥ ይነፋል። ሐኪሙ ጨጓራሽ ቀስ ይላል ብሎኛል። ልቀጥል?
ከሞጣ

መልስ፦ ለጊዜው ይቅርብሽ። ተልባ በውሃ ሲርስ የሚዝለገለግ ነገር ያወጣል፤ ጨጓራው ጤነኛ ለሆነና የሆድ ድርቀት ለሚያስቸግረው ሰው ጥሩ ነው። ቀስ ለሚል ጨጓራ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ብዙ ሰዓት ይቆያል፣ ጥጋቡንና መነፋቱን ይጨምራል። በጣም በዘገየ ጨጓራ ውስጥ አሰር የበዛበት ምግብ ተጠቅልሎ ሊቋጠርም ይችላል። ለሦስት ሳምንት ተዪውና ልዩነቱን እዪ። በጾም ያለ ተልባ አይሆንልኝም ካልሽ በደንብ አጥልለሽ፣ ቀጭኑን ብቻ፣ በትንሽ ስኒ፤ እንክብል የምትውጪ ከሆነም መድኃኒቱን እንዳይዝብሽ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂው።